መጽሐፉስ ገብቷል፤ አንባቢው ግን የት ገባ?

(ከአዳማ)

ሰኔ ሲመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሩጫ ይይዘዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ገንዘብ ተመላሽ ያደረገ ኃላፊ ደግሞ ለከርሞ በጀቱ እንዳይቀነስበት ይፈራል። ስለዚህ ግዢው ይጧጧፋል። ወንበር ይገዛል፣ ቶነር ይገዛል፣ ጎማ ይገዛል። መሥሪያ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ መጽሐፍም ይገዛል። ሐምሌ ላይ ሪፖርቱ ይነበባል፤ በበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ሺህ መጻሕፍት ተገዝተው ገቢ ሆነዋል፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናውኗል ይባላል። ይጨበጨባል። ስብሰባው በሻይ ዕረፍት ይበተናል።

እኛ ግን አንድ ተራ ጥያቄ አለችን። ለመሆኑ እነዚያን መጻሕፍት ማን አነበባቸው?

ተማሪው ይለካል፤ ቤተ መጻሕፍቱስ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲም ሆነ የኮሌጅ የዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። አራትና አምስት ዓመት የለፋበት፣ እናት ጉሊት ቸርችራ ያስተማረችው ልጅ በአንድ ፈተና ይመዘናል። ይሁን፤ መመዘኑን አንቃወምም። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በነፃ አይማርም። የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ገበያ ሄዶ ጎመን የገዛ ሰው እንኳ ሚዛኑን አይቶ ነው የሚከፍለው። ተማሪው ግን ዕዳውን የሚፈርመው የትኛውን ሚዛን አይቶ ነው?

ተማሪው ይለካል። መምህሩም በየሴሚስተሩ ቅጽ ተሞልቶበት በተማሪው ይለካል። ቤተ መጻሕፍቱን ግን ማን ለካው?

ይህ ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ ነው የምንለውም በከንቱ አይደለም። ላፕቶፕ ያለው ልጅ የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ፣ ዶርሙ ውስጥ ጋደም ብሎ ያነበዋል። ከመቂ ዙሪያ ወይም ከአርሲ ነገሌ ገጠር የመጣው የገበሬ ልጅ ግን ስልኩ ቢበዛ ፌስቡክ የሚከፍት ናት። ለእሱ ቤተ መጻሕፍቱ አንዱ አማራጭ ሳይሆን ብቸኛው አማራጭ ነው። እዚያ ሄዶ ባዶ እጁን ከተመለሰ የሚቀረው የመምህሩን ሃንድአውት መሸምደድ ነው። ከዚያ በኋላ "ትውልዱ አያነብም" ተብሎ በየቴሌቪዥኑ ይሰደባል!

ተርባይኑን ሳይሆን መብራቱን ቁጠሩ

ለአዳማ ሰው ነገሩን በአዳማ ምሳሌ እናስረዳ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ማመንጫዎች የማያውቅ የለም። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102። ታዲያ የመብራቱ መሥሪያ ቤት "136 ምሰሶ ተክያለሁ" ብሎ ሪፖርቱን ቢዘጋው ማን ይቀበለዋል? የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ስንት ኃይል መነጨ? የተሠሩት ሁለቱ አንድ ላይ እስከ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው፤ ነፋስ ሲጠፋ ወይም ማሽን ሲቆም የጎደለው በቆጣሪ ይታወቃል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም እንዲሁ ነው። መግቢያው ላይ ካርድ ይሰጥና መውጫው ላይ ሒሳብ ይቀበላል፤ በቀን ስንት መኪና እንደተመላለሰ ያውቃል።

ነፋስ ይቆጠራል፣ ጎማ ይቆጠራል። አንባቢ እንዴት አይቆጠርም?

የአዳማው ዩኒቨርሲቲ ረጅም መንገድ የመጣ ተቋም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተነሣ፤ ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። የአሰላው ግቢ ኋላ ላይ ራሱን ችሎ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሻሸመኔ ላይ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በየከተማው የተከፈተውን የግል ኮሌጅማ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ስም ሲለወጥ ዜና ነው፣ ሕንፃ ሲመረቅ ዜና ነው። ከዜናው በስተጀርባ ግን ከሁሉም የምንጠይቀው አንድ ቁጥር ነው፤ መጽሐፍ ፈልገው ወደ ቤተ መጻሕፍታችሁ ከመጡት መቶ ተማሪዎች ስንቱ አግኝተው ወጡ?

ይህን ስንጠይቅ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ሠራተኛው ሰነፍ ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥሩን ሳያዩ እንዲያ ማለት ስም ማጥፋት ነው። ቁጥሩን ሳያዩ "እንከን የለሽ ነው" ማለትም ሽንገላ ነው። ከሁለቱም የሚያድነው መለካት ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች።

አራቱ ቀዳዳዎች

ፖል ካንቶር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአውሮፓውያን 1976 አንድ ቀላል ዘዴ አሳይተው ነበር። አንባቢ የፈለገውን መጽሐፍ የሚያጣው በአራት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ጭራሹን አልገዛውም። ሁለተኛ፣ ገዝቶታል ግን ሌላ ሰው ተውሶታል። ሦስተኛ፣ ማንም አልወሰደውም ግን ቦታው ላይ የለም፤ የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ተሰክቷል፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል ወይም ጠፍቷል። አራተኛ፣ መጽሐፉ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ተማሪው ግን አፈላለጉን አላወቀበትም።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላው። መቶ ተማሪዎች መቶ መጽሐፍ ፈልገው መጡ እንበል። 20ው ከመጀመሪያውም አልተገዛም፤ 80 ቀረ። ከ80ው ሩቡ ተውሶ ወጥቷል፤ 60 ቀረ። ከ60ው ሲሶው ቦታው ላይ የለም ወይም ተቆልፎበታል፤ 40 ቀረ። ከ40ው ሩቡን ተማሪው አጠገቡ ቆሞ አላገኘውም፤ 30 ቀረ። ከመቶው 70ው ባዶ እጃቸውን ሄዱ ማለት ነው።

አሁን ባለሥልጣኑ "በጀት ጨምሩልኝ፣ መጽሐፍ ልግዛ" ይላል። እሺ፣ የጎደለው በሙሉ ተገዛ እንበል። ከመቶው ሩቡ ተውሶ ይወጣል፣ 75 ይቀራል፤ ሲሶው ከቦታው ይጠፋል፣ 50 ይቀራል፤ ሩቡን ተማሪው ያጣዋል፣ 38 እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ሚሊዮን ፈስሶ ከ30 ወደ 37 ተኩል! በሌላ በኩል አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳይገዛ መደርደሪያው ቢስተካከልና የተቆለፈው ሳጥን ቢከፈትስ? 80ው ውስጥ 60ው ቦታው ላይ ይገኛል፤ ሩቡን ተማሪው ቢያጣው እንኳ 45ቱ መጽሐፋቸውን ይዘው ይወጣሉ።

አያችሁ ልዩነቱን? ቁልፍ መክፈት መጽሐፍ ከመግዛት ይበልጣል። ይህ ግን የሚታወቀው ቀዳዳው የት እንዳለ ሲለካ ነው። የየቀዳዳው ባለቤትም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የግዢ ክፍሉና የመምህራኑ ነው። ሁለተኛው የቅጂ ቁጥርና የውሰት ደንብ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የደርዳሪዎቹና የአለቆቻቸው ነው። አራተኛው ተማሪውን አንደኛ ዓመት ላይ አፈላለግ ያላስተማረው ሰው ነው። ሳንለካ "የበጀት እጥረት" ብቻ ስንል ሦስቱ ተጠያቂዎች ከአንዱ ጀርባ ይደበቃሉ።

የሞዴል 19 ፍርሃት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሳጥኑ ለምን እንደሚቆለፍ እንጠይቅ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። መጽሐፍ በዚህ አሠራር እንደ ወንበርና እንደ ጎማ ቋሚ ንብረት ነው። ሞዴል 19 መጽሐፉ መግባቱን ይመሰክራል፤ መነበቡን ግን አይመሰክርም። ንብረት የተረከበ ሠራተኛ ደግሞ ዓመት ጠብቆ ቆጠራ ይመጣበታል። መጽሐፍ ከጎደለ ጥያቄው እሱ ላይ ይወድቃል፣ ዕዳው ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል፣ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ይያዝበታል። መጽሐፉ አሥር ዓመት ሳይነበብ ቢቀመጥስ? ምንም አይጠየቅም! እንዲያውም ንብረት ጠባቂ ተብሎ ይመሰገናል።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ ሰው ምን ያድርግ? ልጆች ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ቢቆልፍ አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት ቆልፍ ብሎ ደንብ የጻፈለት ነው። ዲፕሎማዬን በያዝኩበት ኮሌጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አዲስ አዲሱ መጽሐፍ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እኛ በመስታወት እናየዋለን፣ ቁልፉ ደግሞ ዘወትር ስብሰባ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በእርግጥ የሠራተኞቹም ብሶት እውነት ነው። በምላጭ ገጽ ቆርጦ የሚሄድ ተማሪ አለ፤ በሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ የሚወጣም አለ። መጽሐፍን አጥብቆ መጠበቅም ባህላችን ነው። የገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ ብራናውን የሚሳሳለት አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ከጠፋ አይተካም። የአንደኛ ዓመት የካልኩለስ መጽሐፍ ግን ብራና አይደለም። ሲነበብ ያረጃል፣ ያረጀ ይተካል። ያላረጀ የመማሪያ መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ በዓመት ይህን ያህል ከመቶ መጥፋትና ማለቅ የተለመደ ነው ተብሎ በደንብ ይወሰንና ሠራተኛው ከዕዳ ፍርሃት ይዳን። ከዚያ በላይ ሲሆን ይመርመር።

ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር

"እኛ ድሆች ነን፣ ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው" የሚል አይጠፋም። መልሱ ከሕንድ ይመጣል። ራንጋናታን የሚባሉ የሒሳብ መምህር በአውሮፓውያን 1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተደርገው ተሾሙ። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ድህነቷም ለወሬ አይመችም። እኚህ ሰው በ1931 አምስት ሕጎች አሳተሙ። መጽሐፍ ለመነበብ ነው። ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ አለው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው አለው። የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ። ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የዛሬው የዓለም መለኪያ ሁሉ ከእነዚህ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ብዙም አይርቅም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1998 የቤተ መጻሕፍት መለኪያዎችን ቁጥር 11620 በሚባል ደረጃ ሲያወጣ በዋናነት የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉ ተገኘ ወይ? ስንት ጊዜ ተወሰደ? አዲስ መጽሐፍ ከገባ በኋላ አንባቢ እጅ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ? ወንበሩ ስንት ሰዓት ተያዘ?

ሀብታሞቹም ሲለኩ ይደነግጣሉ። የአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ባወጣው ጥናት፣ በ1969 ከገባው መጽሐፍ 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ተውሶ አልወጣም ነበር። መምህራኑ ጥናቱን ተቃውመው ብዙ ተከራክረዋል። ቁም ነገሩ ግን ዩኒቨርሲቲው የገዛ ገመናውን ራሱ ቆጥሮ ማሳተሙ ነው። የእኛዎቹ ቢቆጥሩ ያሳትሙታል?

ባለሙያ የለንም እንዳይባል ደግሞ አለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990 በአውሮፓውያን ለመላው አፍሪካ ታስቦ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ባለሙያ አስመርቋል። የአገራችንን ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የለኩ የማስተርስ ጽሑፎች ተጽፈዋል። እነሱም ተጠርዘው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። አንባቢ ይጠብቃሉ!

ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ አራሚ

መለኪያ ስንል ግን ሌላ ቅጽ ይምጣ ማለታችን አይደለም። ቅጽማ ሞልቶናል። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ሁሉም ሲመጡ መለኪያ ነበሩ። ሲሄዱ ግን ሠራተኛው ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የሚሞላው፣ አለቃው ሳያነብ የሚፈርምበት ወረቀት ሆነው ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆጣሪውም ተቆጣሪውም አንድ ሰው ነው፤ ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ አራሚ። ውጤቱም ወደ ላይ ለአለቃ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች ለተገልጋዩ አይወርድም።

የጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ነበረን፣ አሁንም አለን። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የጥራትና አግባብነት ኤጀንሲ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆኗል። የመማሪያ ግብዓትና መሠረተ ልማት ከሚመረምራቸው ነጥቦች አንዱ ነው። መልካም። ነገር ግን መርማሪ መጥቶ መደርደሪያ ቢቆጥር የሚያየው መጽሐፉን ነው። በዚያ ሳምንት ባዶ እጁን የተመለሰውን ተማሪ ግን አያየውም፤ ልጁ ቀድሞ ወጥቶ ሄዷልና።

እና ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

በየሴሚስተሩ አንድ ሳምንት፣ ከፈተና በፊት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ለሚወጣ ተማሪ ሁሉ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ትሰጠው። ሦስት ጥያቄ ትበቃለች፤ ምን ፈልገህ መጣህ? አገኘህ? ካላገኘህ ለምን? መጽሐፉ በእንግሊዝኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ ሁሉም ይቆጠር። የሚሰበስቡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ደማሪዎቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ውጭ የሆኑ መምህራን ይሁኑ። ከዚያ የአዳማን ሙቀት እናውቃለንና ሌላ ጥያቄም ይጨመር፤ ከሰዓት በኋላ አየር አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል ወይ? በፈተና ሰሞን ወንበር ለመያዝ ስንት ሰዓት ላይ መነሣት ያስፈልጋል? ደብተር አስቀምጦ ቦታ መያዝ የተለመደው ወንበር ስለጠፋ ነው፤ ምን ያህል እንደጠፋ ይቆጠር።

በዲጂታሉም በኩል እንዲሁ። አገራችን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ዓለም አቀፍ ዝግጅት የብዙ ሺህ የምርምር መጽሔቶች በር በነፃ ተከፍቶላታል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ብሔራዊ ፖሊሲ ወጥቷል። በወር ስንት ተማሪ ገባ፣ ስንት ጽሑፍ ወረደ የሚለውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ ነው፣ ወይስ መኖሩን የነገረው ስለሌለ?

ውጤቱም ይለጠፍ። ለሚኒስቴር ብቻ የሚላክ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ በሚያነበው ፊደል ይለጠፍ። ዘንድሮ ከመቶ 30 ከሆነ 30 ተብሎ ይጻፍ። ከርሞ 45 ሲሆን እኛም በዚሁ ገጽ እናመሰግናለን። ይህ ችሮታ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ነው። የግሎቹም ክፍያ ሲጨምሩ ለወላጅ ደብዳቤ ይጽፋሉና ይህንንም አብረው ይጻፉት።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ ስለ ንባብ ብዙ ንግግር ሰምተናል። ለንግግሩ እጅ ነስተናል። አሁን የቀረው ቆጠራው ነው። የአዳማ፣ የአሰላና የሻሸመኔ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ሆይ! በመጪው ሐምሌ ሪፖርታችሁን ስታነቡ ስንት መጽሐፍ እንደገባ የሚለውን ገጽ ዝለሉትና ስንት አንባቢ መጽሐፉን ይዞ እንደወጣ ንገሩን። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አናፍርባችሁም። ቁጥሩ ከሌላችሁ ግን ጭብጨባው ለምን እንደነበር ትነግሩናላችሁ።